መጽሔቱ የማን ነው? የከፋዩ!

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መጽሔት ሲዘጋ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «መንግሥት ዘጋው እንዴ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ባለቤቱ አሜሪካ ገባ እንዴ?» የሚል ነው። ሁለቱም እንዲሁ ከሜዳ የተነሡ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ለሁለቱም ከበቂ በላይ ምሳሌ አለን። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ቡና ላይ ሲያነሣው የሰማሁት ሰው የለም። «ለመሆኑ ያ መጽሔት በማን ገንዘብ ነበር የሚኖረው?»

ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን አንድ መጽሔት ምን እንደሚጽፍ፣ ምን እንደማይጽፍ፣ ሽፋኑ ላይ ማንን እንደሚያወጣ፣ ከጀርባ ማንን እንደሚደብቅ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። ስለ አዘጋጁ ሕሊና ከመከራከራችን በፊት ስለ ደረሰኙ ብንጠይቅ ብዙ እንቆቅልሽ ይፈታልናል።

መጽሔት እጁን የሚሰድባቸው ኪሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የአንባቢው ኪስ ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ የሚያወጣው ድርጅት ኪስ ነው። ሦስተኛው ጉዳይ ያለው ሰው ኪስ ነው፤ መንግሥት ሊሆን ይችላል፣ ፓርቲ ሊሆን ይችላል፣ ስሙ እንዲነሣለት የሚፈልግ ባለሀብት ሊሆን ይችላል። ስለ ሦስተኛው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በደርግ ዘመን «የካቲት» መጽሔትን የሚያሳትመው መንግሥት ነበርና መጽሔቷ ማንን ለማስደሰት እንደምትወጣ ለመገመት ማንም ሊቅ መሆን አላስፈለገውም። ነገሩ የሚወሳሰበው በሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ኪሶች መካከል ነው።

የ10 ሳንቲሙ ምሥጢር

እ.ኤ.አ. በ1893 ፍራንክ መንሲ የሚባል የኒው ዮርክ አሳታሚ በስሙ የሚጠራውን መጽሔት ዋጋ ከ25 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አወረደው። የዘመኑ የመጽሔት ስርጭት በአንድ ትልቅ አከፋፋይ እጅ ነበርና አከፋፋዩ በዚህ ዋጋ አልሠራም አለ። መንሲም አከፋፋዩን ትቶ መጽሔቱን በቀጥታ ለሻጮች ማቅረብ ጀመረ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ40 ሺህ አካባቢ ተነሥቶ ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ።

በ10 ሳንቲም ሀብታም አይኮንም። ግማሽ ሚሊዮን አንባቢ ያለው ሰው ግን የሳሙና ፋብሪካ ደጅ መጥናት አያስፈልገውም፤ ፋብሪካው ራሱ ይመጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጽሔት ንግድ ተገለበጠ። ድሮ አሳታሚው መጽሔቱን ለአንባቢው ይሸጥ ነበር። አሁን አንባቢውን ለሳሙና ፋብሪካው ይሸጥ ጀመር። አንባቢው ደንበኛ መሆኑ ቀርቶ ሸቀጥ ሆነ፤ ግን ዋጋው ስለረከሰለት ቅር አላለውም።

ይኼ ንግድ ምን ያህል ጉደኛ እንደሆነ ያሳየው «ላይፍ» መጽሔት ነው። ሄንሪ ሉስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1936 በ10 ሳንቲም ገበያ ላይ ሲያወጣው ለማስታወቂያ አውጪዎች የገባው ቃል 250 ሺህ ቅጂ እንደሚሸጥ ነበር፤ የማስታወቂያውም ዋጋ የተቆረጠው በዚሁ ቁጥር ልክ ነው። መጽሔቱ ግን ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ተሸጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሚሊዮን ገባ። ደስታ ነው አይደል? አይደለም። እያንዳንዱ ቅጂ ከ10 ሳንቲም በላይ ያስወጣ ነበር፤ የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ በውል ታስሯል። መጽሔቱ በተወደደ ቁጥር ኪሳራው በሚሊዮን ዶላር ይቆጠር ጀመር። በዓለም ላይ ዕቃው በመወደዱ ምክንያት የሚከስር ነጋዴ ካለ የመጽሔት አሳታሚ ነው።

ላይፍ በኋላ የማስታወቂያውን ዋጋ አስተካክሎ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ነገሠ። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። የሳሙናው፣ የመኪናው፣ የሲጋራው ገንዘብ ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥን ሄደ፤ የፖስታ ዋጋም ጨመረ። ሳምንታዊው ላይፍ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 ሲዘጋ ከ5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ያሠራጭ ነበር። እስቲ አስቡት፤ 5 ሚሊዮን ሰው እጅ የሚገባ መጽሔት «በቃኝ» ብሎ ሲዘጋ! አንባቢው ከመጽሔቱ ጋር ነበር፤ የሄደው ከፋዩ ነው።

ከፋይ ሲቀየር ጽሑፍ ይቀየራል

በተቃራኒው መንገድ የሄደው «ሪደርስ ዳይጀስት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ዴዊትና ሊላ ዋላስ የተባሉ ባልና ሚስት ጀመሩት፤ እስከ 1955 ድረስም በአሜሪካው እትም ላይ ማስታወቂያ አልነበረም። ወጪውን የሚሸፍነው አንባቢው ነበር። ታዲያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ሲጋራና የሳንባ ካንሰርን የሚያገናኝ ጽሑፍ አወጣ፤ ጽሑፉም አገሩን አናወጠ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ትልልቅ መጽሔቶች ገጾች በሲጋራ ማስታወቂያ የተሞሉ ነበሩ። ሪደርስ ዳይጀስት ከሌሎቹ የበለጠ ጀግና ስለነበረ ነው? ምናልባት። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጽሑፉ ሲወጣ ስልክ ደውሎ «ውሌን ሰርዝልኝ» የሚል የሲጋራ ፋብሪካ አልነበረበትም።

አንባቢውንም ግን ጻድቅ አናድርገው። ወጪው እየጨመረ ሲሄድ መጽሔቱ አንባቢዎቹን ጠየቀ፤ «ዋጋ እንጨምር ወይስ ማስታወቂያ እናስገባ?» አብዛኛው አንባቢ የመረጠው ማስታወቂያውን ነው። መጽሔቱ ማስታወቂያ ሲጀምር የሲጋራን አልቀበልም ማለቱ ግን ይመዝገብለት።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። «ሚዝ» የተባለችው የሴቶች መጽሔት በማስታወቂያ ስትኖር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1990 ማስታወቂያ የሌለባት ሆና ወጣች። ከመሥራቾቿ አንዷ ግሎሪያ ስታይነም በመጀመሪያው ማስታወቂያ አልባ እትም ላይ የዓመታት ጉዷን ዘረገፈችው። የምግብ ድርጅቱ የምግብ አሠራር ጽሑፍ ካልወጣ አልከፍልም ይላል፤ የውበት ዕቃ ድርጅቱ ስለ ውበት ካልተጻፈ አልከፍልም ይላል። የሶቪየት ሴቶችን ታሪክ የያዘ እትም ሽፋኑ ላይ የወጡት ሴቶች ሜካፕ ስላልተቀቡ ብቻ አንድ ትልቅ የመዋቢያ ድርጅት ማስታወቂያውን ነፈጋት። ልብ በሉ፤ ማንም ሳንሱር አላደረገም፤ ማንም ወኅኒ አልወረደም። ገንዘብ እግሩን አንሥቶ ሄደ፤ በቃ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

ፖስታ ቤትና አዟሪ

የአሜሪካ መጽሔቶች የተነሡት በጥሩ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1879 የወጣ ሕግ ጋዜጣና መጽሔት በርካሽ የፖስታ ዋጋ እንዲላክ አደረገ፤ ፖስተኛው ደግሞ ቤት ድረስ ይመጣል። ስለዚህ አንባቢው የዓመቱን ከፍሎ ይመዘገባል፣ አሳታሚውም የዓመቱን ገንዘብ ይዞ ይሠራል። ገንዘቡ አስቀድሞ የገባለት አዘጋጅ ትዕግሥት ይኖረዋል። ሦስት ወር የሚፈጅ ምርመራ ማዘዝ ይችላል። አንድ እትም ቢቀዘቅዝበት ዓለም አትጠፋበትም።

እኛ ጋ ፖስታ የሚመጣው ወደ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤቱና ነጋዴው ነው። የብዙዎቻችን አድራሻ «ከሚካኤል ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር» ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ የግል መጽሔቶችን በር ሲከፍት መጽሔት ወደ አንባቢው የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ የአዟሪው ክንድ።

አዟሪው መንገድ ላይ ነው። ገዢው ታክሲ ውስጥ ነው ወይም መብራት ይዞታል። ሽያጩ በጥቂት ሰከንድ ማለቅ አለበት። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ገዢው የሚያየው ሽፋኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ መጮህ ነበረበት፤ ጮኸም። አንድ ሳምንት ባለሥልጣን፣ አንድ ሳምንት ዘፋኝ፣ አንድ ሳምንት «ምሥጢሩ ወጣ!»። ውስጡ ስትገቡ ምሥጢሩ የለም፤ ቢኖርም ባለፈው ወር ወጥቶ ያለቀ ነው። ብዙ ሰው ይኼን የጋዜጠኛ ብልግና አድርጎ ይቆጥረዋል። ለእኔ ግን የሽያጭ መንገዱ ልጅ ነው። ማክሰኞ የተሸጠው ገንዘብ ለሚቀጥለው እትም ማተሚያ ካልደረሰ ሚቀጥለው እትም የለም። እንዲህ የሚኖር መጽሔት የሦስት ወር ምርመራ አያዝም፤ የሦስት ቀን ወሬ ነው የሚያዝዘው።

በዚህ ላይ ወረቀቱ በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ነው። የብር ዋጋ በወረደ ቁጥር የወረቀቱ ዋጋ ይወጣል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ ለአሳታሚ ጭንቅ ላይ ጭንቅ ነው የተጨመረው።

ማስታወቂያስ? ባንኩ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ቤት ሠሪው ድርጅት ገንዘብ አላቸው። ግን ፖለቲካ የሚጽፍ መጽሔት ላይ ስማቸው እንዲታይ አይፈልጉም። ፖለቲካ የማይጽፈው መጽሔት ደግሞ ይታቀፋል፤ ታቅፎም የማስታወቂያ አውጪውን ሥራ አስኪያጅ ሽፋኑ ላይ ያወጣል፣ «ስኬታማው» ብሎ።

የአራት ኪሎ አንባቢዎች

በዚህ ሁሉ መሐል እኛ ያለን አንድ ነገር አለ፤ ጋዜጣና መጽሔት ማከራየት። አራት ኪሎን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። አከራዩ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ አንባቢው ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፤ ደረጃው ላይ ወይም ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ ሳያጨማድድ አጥፎ ይመልሳል። ሥራ ፈላጊው፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ስልክ ከመጣ ወዲህ ብዙው ወደ ስክሪኑ ቢዞርም ነገሩ የከተማችን መለያ ሆኖ ለዓመታት ኖሯል።

አሳታሚዎች አከራዩን እንደ ሌባ ነው የሚያዩት። ሒሳቡን ስትሠሩት እውነት አላቸው ያሰኛል። ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። አንድ ቅጂ በ20 ብር ተገዝቶ ለ15 ሰው በ2 ብር ቢከራይ 30 ብር ይገኛል። አከራዩ የቅጂውን ዋጋ መልሶ 10 ብር አተረፈ። አሳታሚው ግን ከ15 አንባቢ ያገኘው የአንዱን ነው፤ ከዚያም ላይ አከፋፋዩ ድርሻውን ቆርጦበታል።

አሁን ይኼንኑ ሒሳብ በሌላ ዓይን እዩት። 15 ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ከፍሏል! «የኢትዮጵያ አንባቢ አይከፍልም» የሚባለው ተረት አራት ኪሎ ላይ ይፈርሳል። አንባቢው ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ለመጽሔቱ አይደለም። መጽሔቱ ደግሞ እነዚያን አንባቢዎች ቆጥሮ አያውቃቸውም።

ላይፍ ምን አደረገ መሰላችሁ? አሜሪካኖቹም አንድ ቅጂ ይዋዋሳሉ፤ በጸጉር ቤት፣ በሐኪም ቤት፣ በጎረቤት። ላይፍ «ሌቦች» ብሎ አልጮኸም። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ አንድ ቅጂ ስንት ሰው እጅ እንደሚገባ ባለሙያ ቀጥሮ አስጠና፤ ውጤቱን ይዞም ወደ ማስታወቂያ አውጪዎች ሄደ። «የሸጥኩትን ቅጂ ሳይሆን ያነበበኝን ሰው ቁጠሩ» አላቸው። የተዋዋሰው አንባቢ ኪሳራ መሆኑ ቀርቶ የሚሸጥ ነገር ሆነ። የእኛ አሳታሚ አራት ኪሎ ላይ የተቀመጠለትን ሀብት በሌብነት ከሰሰው፤ አንድ ቀን ወንበር ይዞ አጠገቡ ተቀምጦ «ማን ነህ? የትኛውን ገጽ ነው መጀመሪያ የምትገልጠው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን አልታየም።

አንባቢው ምን ያስፈልገዋል?

ቢጠይቅ ኖሮ ምን ይሰማ ነበር? ፖለቲካ እንደሚሰማ አልጠራጠርም፤ ፍቅርና ኳስም እንዲሁ። ግን ሌላም ይሰማ ነበር። የቤት ኪራይ ውል ላይ ምን ልጻፍ? ይኼ ኮሌጅ ዕውቅና አለው? ደላላው ዱባይ ትሄጃለሽ ያለኝ እውነት ነው? የቱ ምጣድ ነው ቆጣሪ የማይበላው? ለቤት የከፈልኩት ቅድሚያ ክፍያ የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ1936፣ ላይፍ በወጣበት ዓመት፣ አሜሪካ ውስጥ ሌላ መጽሔት ተወለደ፤ በኋላ «ኮንሲውመር ሪፖርትስ» የተባለው። ሥራው ዕቃ ገዝቶ መፈተሽና የቱ ይረባል የቱ አይረባም ብሎ ለአንባቢው መንገር ነው። የሚፈትሻቸውን ድርጅቶች ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የሚኖረው በአንባቢው ክፍያ ነው። ላይፍ 5 ሚሊዮን ቅጂ ይዞ ከሳምንታዊ ገበያው ሲወጣ ይኼኛው በአንባቢው ገንዘብ ቀጠለ። ያማረ ፎቶ ስላለው አይደለም። አንባቢው ማቀዝቀዣ ሊገዛ በሄደ ቁጥር ስለሚያስፈልገው ነው።

አሁን የቤት ሠሪ ድርጅት ማስታወቂያ ጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለውን የአዲስ አበባ መጽሔት አስቡ። ሙሉ ገንዘብ ከፍለው ቤታቸውን ለዓመታት ስለሚጠብቁ ሰዎች ምን ይጽፋል? ምንም። አዘጋጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የጀርባ ሽፋኑ ሲሄድ የሠራተኛው ደሞዝ አብሮ ስለሚሄድ ነው። እነዚያ ቤት ጠባቂዎች ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የማኪያቶ ዋጋ ቢያዋጡ ጉዳያቸውን የሚከታተል ጋዜጠኛ ይቀጠር ነበር። የመጽሔት ገቢ ጥያቄ የእናንተም ጥያቄ ነው የምለው ለዚህ ነው።

«ግን እኮ...» ለሚሉ

የመጀመሪያው «ግን እኮ» የታወቀ ነው። «መጽሔቶቻችንን የገደላቸው ገበያ ነው እንዴ?» ገበያ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. የፍትሕ ሚኒስቴር «አዲስ ጉዳይ»፣ «ሎሚ»፣ «ፋክት»፣ «ዕንቁ» እና «ጃኖ» መጽሔቶችን ከአንድ ጋዜጣ ጋር እንደከሰሰ ሲያስታውቅ የነበረውን እናስታውሳለን፤ ስንቱ አገር ጥሎ እንደወጣም እናውቃለን። ለዚያ የአንባቢ ምዝገባ መድኃኒት አይሆንም። ግን የሚጨበጥ፣ በስም የተመዘገበ፣ የከፈለ አንባቢ ያለው መጽሔት ሲነካ «የኔ» የሚለው ሰው አለው። ከአዟሪ ላይ ተገዝቶ የሚነበብ መጽሔት ሲዘጋ አንባቢው ወደሚቀጥለው ሽፋን ያልፋል፤ እኛም አልፈናል።

ሁለተኛው «ግን እኮ» ድህነት ነው። «ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ስለ መጽሔት ታወራለህ?» እውነት ነው፤ ማንም ከልጁ ዳቦ ነጥቆ መጽሔት ይግዛ አልልም። ነገር ግን በየቀኑ የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛው ወጣት ያው እኛው ነን። ገንዘቡ ከኪሳችን እየወጣ ነው፤ ወደ ጸሐፊው አይሄድም እንጂ። ዩቲዩብ ላይ የምናየውን ወሬ «ነፃ» እንለዋለን። የሚከፍለው ማስታወቂያ አውጪው ነው፤ የሚከፍለውም በተመልካች ቁጥር ልክ ነው። ለዚህ ነው የቪዲዮው የፊት ምስል ላይ ያ ሁሉ ቀይ ቀስትና «ጉድ ፈላ!» የተለጠፈው። የአዟሪው ጩኸት አልጠፋም፤ ስልካችን ውስጥ ገባ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሳታሚዎች ሆይ፣ አንባቢያችሁን ቁጠሩት፤ የገዛውን ብቻ ሳይሆን የተከራየውንና የተዋሰውንም። አዟሪውንና አከራዩን ሸሪክ አድርጉት፤ ከእናንተ ቢሮ ይልቅ አንባቢውን የሚያውቀው እሱ ነው። ፖስተኛ የለም የሚለው ሰበብም አርጅቷል፤ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ቴሌግራም በየኪሱ አለ። የሦስት ወሩን አስቀድሞ ከፍሎ እትሙን በስልኩ የሚቀበል አንባቢ ማግኘት ይቻላል፤ ግን ለሦስት ወር የሚያስፈልገው ነገር እንዳላችሁ መጀመሪያ አሳዩት። ማስታወቂያም ውሰዱ፤ ኃጢአት አይደለም። ብቻ አንድ ማስታወቂያ አውጪ ስልክ ደውሎ ሊዘጋችሁ እስኪችል ድረስ በአንዱ ጫንቃ ላይ አትንጠልጠሉ።

እኛ አንባቢዎችስ? ቴሌግራም ላይ የአንድ መጽሔት ሙሉ እትም በነፃ ሲለቀቅ «ተባረክ» ብለን የምናወርድ እኛው፣ መጽሔቱ ሲዘጋ «አገሩ የሚነበብ ነገር ጠፋበት» ብለን የምናለቅስም እኛው ነን። ለቅሶው ላይ ከመድረሳችን በፊት አንድ መጽሔት መርጠን እንክፈል። አንድ ብቻ። የከፈለ ሰው ደግሞ የመቆጣት መብት አለው፤ «ይኼ ምንድን ነው የጻፋችሁት? ስለ ቤታችን ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ደውሎ መጠየቅ ይችላል። ባለ ቢራ ፋብሪካው በየወሩ እንደሚደውለው ማለት ነው።